የማይተኮስባቸው ርግቦች

አጎቴ የአየር ጠመንጃውን የሰጠኝ ጎበዝ ተኳሽ ስለሆንኩ አይደለም። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም። የሰጠኝ ዝም ማለት ስለምችል ነው። እሱ የቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። ሸሪኩ የወሎ ሰው ነው፤ ዓይኑም እጁም ደህና ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። አንድ ጠዋት ሞክሮ ነበር። ጠመንጃውን ደግኖ፣ የጣራው አግዳሚ ላይ የተቀመጠችውን ወፍ በመነጽሩ እያየ፣ "ነይማ የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ" ይላታል። ወፏ በረረች።

"አየሽ፣ አፈረች" አለኝ።

"እሷ ትሁን" አለ አጎቴ በአገጩ ወደኔ እያመለከተ። "እሷ አንዴ ከተቀመጠች ግድግዳ ናት።"

ስድብም ምስጋናም ይመስል ነበር። ጠመንጃውን ተቀበልኩ።

ሁለቱ ለዓመታት አንድ መጋዘን ውስጥ አብረው ዕቃ ሲያነሱ ኖረዋል። የአጎቴ ወገብ እምቢ ሲል ሥራውን ትተው በግ ማርባት ጀመሩ። ለፋሲካ የኛ ሰዎች ይገዛሉ፣ ለአረፋ የሸሪኩ ሰዎች ይገዛሉ፣ በመሀል ደግሞ ሠርግና ክርስትና አይጠፋም። ከከተማው ዳር ካለችው ከፒከሪንግተን ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሲነዳ ቤቶቹ ያልቁና የበቆሎ ማሳ ይጀምራል፤ በጎቹ የሚያድሩት እዚያ በተከራዩት ባርን ውስጥ ነው። ባርን የምንለው ቁመቱ የቤተ ክርስቲያን የሚያህል የእንጨት ቤት ነው። ከታች በጎቹ ይተኛሉ፣ ከላይ ቆጡ ላይ ድርቆሽ ይከመራል። ድርቆሹ የኛ አይደለም። ለፈረስ ባለቤቶች የምትሸጠው አከራያችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ብቻዋን ማሳውን የምትጠብቅ፣ ቦት ጫማዋን አውልቃ የማታውቅ አሮጊት።

በመከር ላይ አንድ ደንበኛዋ የወፍ ኩስ ያለበት ድርቆሽ መለሰባት። በማግስቱ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ወፎቹን የሚጠራቸው የበጎቻችሁ መኖ ነው" አለች። "ሊዛችሁ ማርች መጨረሻ ላይ ያልቃል። እስከዚያ ወፍ ከባርኔ ከወጣ እፈርማለሁ። ካልወጣ በጎቹ ይወጣሉ።"

በዚያ አካባቢ ለበግ የሚከራይ ሌላ ባርን አልነበረም። አጎቴ በዚያ ወገብ ወደ መጋዘኑ መመለስ አይችልም። ቤት መዋል ደግሞ የማይችል ሰው ነው፤ መጋዘኑን ትቶ በጎቹ እስኪመጡ ያለ ሥራ በቆየበት ስድስት ወር ምን እንደሆነ ያየሁት እኔ ነኝ። ከአልጋው ወደ ሶፋ፣ ከሶፋው ወደ አልጋ፣ ፂሙን ሳይላጭ። ስለዚህ ማርች መጨረሻ ሲባል እኔ የሰማሁት ሶፋውን ነው።

መጀመሪያ መንገዳቸው እንደ አገር ቤቱ ነበር። ሸሪኩ ከገመድ ጅራፍ ገምዶ መጣና ባርኑ ውስጥ አጮኸው። ወፎቹ ተነሥተው፣ ጣራውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ቦታቸው ተመለሱ። በጎቹ ግን አጥሩን ጥሰው ወጡ፤ እስከ ከሰዓት በበቆሎው አገዳ ውስጥ ስንሰበስባቸው ዋልን። ከዚያ በኋላ ነው የአየር ጠመንጃው የተገዛው።

እኔ የምኖረው ከተማው ውስጥ፣ ኒር ኢስት ሳይድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና እመረምራለሁ። ሥራዬን ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ናሙና "ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?" ብሎ አለመጠየቁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባርኑ መሄድ ስጀምር ነገሩን እንደ ላብራቶሪ ሥራ ያዝኩት። አስቀድሜ አነበብኩ። አብዛኛውን ወፍ ሕግ ይጠብቀዋል። እኛ ባርን ውስጥ ካሉት ጥበቃ የሌላቸው ሦስት ዓይነቶች ናቸው፦ ስታርሊንግ የሚሏት ጥቁር ወፍ፣ ድንቢጥና ርግብ። በኤፕሪል የሚመጡት፣ ጅራታቸው እንደ ሹካ የተሰነጠቀው ትንንሽ ወፎች ግን ጎጇቸው እንኳ አይነካም። ስለዚህ ሥራው እነሱ ሳይመጡ ማለቅ ነበረበት። የሦስቱን ፎቶ አትሜ በሩ አጠገብ ለጠፍኩ።

"በሕግ የሚፈለጉ" አለ ሸሪኩ ፎቶዎቹን እያየ። "ይቺ መሃለኛዋ ግን የወንጀለኛ ፊት የላትም።"

ጠመንጃው የጣራውን ቆርቆሮ እንዳይበሳ አቅሙ ዝቅ ያለ ነው። ጥይቱ ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም፤ በጎቹ የሚበሉበት ቦታ ስለሚወድቅ እርሳስ የሌለበትን ገዛሁ። ድርቆሽ ላይ ወረቀት ለጥፌ ከሃያ እርምጃ እየተኮስኩ፣ ሦስቱ ጥይቶች አንድ ሳንቲም የማይሞላ ቦታ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ሁለት ቅዳሜ ፈጀሁ። ለራሴም ደንብ አወጣሁ። ከወፏ ኋላ ወፍራም እንጨት ከሌለ አልተኩስም። በግ ከሥር ካለ አልተኩስም። እርግጠኛ ካልሆንኩ አልተኩስም።

ክረምቱን እንደዚያ አሳለፍኩ። ማለዳ ጥግ ላይ የተገለበጠ ባልዲ ላይ እቀመጣለሁ። በጎቹ ለአንድ አፍታ ያዩኝና ይረሱኛል። ትንፋሻቸው በብርዱ ይጨሳል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወፎቹም ይረሱኛል። እኔ በሰው መሀል ስቀመጥ ምን ልበል ብዬ የምጨነቅ ሰው ነኝ፤ እዚያ ግን ምንም አለማለት ሥራው ራሱ ነበር። የመጀመሪያዋን ስታርሊንግ ስመታ ሳትንፈራገጥ ወደቀች። ጓንት አድርጌ አነሣኋት። ከሩቅ ጥቁር የምትመስለው ወፍ እጅ ላይ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ናት፣ በላይዋ ነጭ ነጠብጣብ ተነስንሶባታል። ትንሽ ቆሜ አየኋት፤ ከዚያ ቀበርኳት። ደስ አላለኝም፣ አላለቀስኩምም። በፌብሯሪ ስታርሊንጎቹ መምጣት አቆሙ ማለት ይቻላል፤ ድንቢጦቹም ወደ ጎረቤት ማሳ ተዛወሩ።

ርግቦቹ ግን ቀሩ። የቀሩት ደግሞ ስላልተተኮሰባቸው ነው።

ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዲት ርግብ ከድርቆሹ በላይ ስትቀመጥ ጠመንጃውን አንሥቼ ነበር። ከኋላዬ አጎቴ "ተይ!" አለ። ባርን ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የዚያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት።

"ምነው ጋሼ?"

"ርግብ ናት።"

"ድርቆሹን ከሁሉም በላይ የምታበላሸው እኮ እሷ ናት።"

"መንፈስ ቅዱስ በዮርዳኖስ በምን አምሳል ወረደ? በድንቢጥ ነው?"

ያግዘኛል ብዬ ወደ ሸሪኩ ዞርኩ።

"እኔን አትይኝ" አለ። "ነቢዩ ዋሻ በገቡ ጊዜ በሩ ላይ ጎጆ ሠርታ ከጠላት የጋረደቻቸው ማን ሆነችና? ርግብ አይነካም። እኔና ይሄ ሰውዬ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።"

እኔም ጠመንጃውን አወረድኩ። ሁለት ሽማግሌ በሁለት ሃይማኖት ሲፈርድብሽ ምን ይባላል?

ግን ርግቦቹ በየሳምንቱ ይጨምሩ ነበር። አልገባኝም፤ የመኖ ገንዳዎቹን ከድነናል፣ የፈሰሰውን እጠርጋለሁ። አንድ ቅዳሜ ከወትሮው ቀድሜ ደረስኩ። አጎቴ ከባርኑ ጀርባ ቆሞ ከካፖርቱ ኪስ በቆሎ እያወጣ ይበትናል፤ ርግቦቹ ጫማው ላይ ቆመዋል። መኪናዬን ወደ ኋላ መልሼ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቄ፣ እንደ አዲስ መጣሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ቦታ ሸሪኩን አየሁት። የሱ ዳቦ ነበር።

ነገሩን አንድ ሳምንት ሙሉ ተሸክሜው ዞርኩ። ምን እንደምል በልቤ አጠናሁ፤ ላብራቶሪ ውስጥም፣ መኪና ውስጥም። ቅዳሜ ጠዋት ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቼ ለሁለቱም ሰጠሁና ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ርግቦቹን የሚያበላቸው ሰው አለ።"

ሁለቱንም ጋሼ ስለምላቸው ሁለቱም ዞሩ። ከዚያ ሁለቱም ሻያቸውን አዩ።

"ማን?" አለ አጎቴ።

"ማን ይሆን?" አለ ሸሪኩ።

"ሁለታችሁም ናችሁ።"

አንድ በግ አስነጠሰ። መጀመሪያ የተናገረው አጎቴ ነው፣ ለኔ ግን አይደለም።

"አንተም? 'ርግቡ በዛ፣ ርግቡ በዛ' ስትለኝ አልነበረም?"

"በዛማ! ሁለት ጊዜ ቁርስ እየበላ እንዴት አይብዛ!"

"እኔስ እዚህ ውስጥ የሌሎቹ ደም እየፈሰሰ ዝም ማለት ከበደኝ። እንደ ካሳ ነው።"

"የኔ ሰደቃ ነው" አለ ሸሪኩ። "ሰደቃ ደግሞ አይወራም፤ ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።"

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን ለመሳቅ ጊዜ አልነበረም። ማርች ገብቶ ነበር። ምግቡ እንዲቆም፣ የላይኛው ቀዳዳ ሁሉ በመረብ እንዲዘጋ ተስማማን። መሰላሉን እነሱ ያዙ፣ መረቡን እኔ ወጥቼ ቸነከርኩ። ከውጭ የነበሩት ብዙዎቹ መግቢያ ሲያጡ ሄዱ። ባርኑ ውስጥ ተወልደው ያደጉት አሥራ አንዱ ግን ለበጎቹ በሚከፈተው በትልቁ በር ሥር ዝቅ ብለው እየበረሩ ይገባሉ። ያንን በር መዝጋት አይቻልም።

መላው የመጣው ከአጎቴ ነው። "እንያዛቸውና ሩቅ ወስደን እንልቀቃቸው። አንገድልም፣ አንቀልብም።"

ርግብ ሲጨልምባት አትሸሽም። ቅዳሜ ጀንበር እንደጠለቀች ሸሪኩ በባትሪ እያበራ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ አንድ በአንድ እንደ ዕንቁላል አነሣኋቸው። በውሻ መያዣ ሣጥን ውስጥ አሳደርናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጎቴ ነጠላውን እንደለበሰ መጣ፤ ሸሪኩ ሊነዳ፣ እኔ ከኋላ ሣጥኑን አቅፌ።

"የት ነው የምንወስዳቸው?" አለ ሸሪኩ።

"ከተማውን አልፈን። ወንዙን መሻገር አለባቸው። ወንዝ ከተሻገሩ አይመለሱም።"

"ማን አለ?"

"ሁሉም ያውቀዋል።"

እኔም ማንበብ የምወደው፣ ስለ ጥይቱ ክብደት እንኳ ሦስት ጽሑፍ ያነበብኩት ሰው፣ ርግብ ስለመመለሷ አንድ መስመር አላነበብኩም። እውነት እንዲሆን ስለፈለግኩ ይመስለኛል። አጎቴ መንገዱን ሙሉ እየዞረ "ይተነፍሳሉ?" ይለኛል። "ካንተ ይሻላሉ" ይለዋል ሸሪኩ። ሲዮቶ ወንዝን ተሻግረን ፍራንክሊንተን ሠፈር ስንደርስ ወንዙ ዳር አቆምን። ሣጥኑን ከፈትኩ። አንደኛዋ አንድ ክንፏ ነጭ ነው፤ መጀመሪያ የወጣችው እሷ ነበረች። ሁሉም ተነሡ፣ ከላያችን አንዴ ዞሩ፣ እንደገና ዞሩ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሄዱ።

"በየት በኩል ነው የሄዱት?" አለ አጎቴ፣ ዓይኑ ስለማያደርስለት።

"ሠፈሩን እያዩ ነው፣ አብሽር" አለው ሸሪኩ።

መንገድ ላይ ቆመን ሻይ ጠጣን። አጎቴ ደስ ብሎት ነበር። የጾሙ ወቅት ስለሆነ ሸሪኩ ወተት የሌለው ኬክ ፈልጎ ገዛለት። ባርኑ ጋ ስንደርስ የጣራው ጫፍ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ። ባለ ነጭ ክንፏ መሃል ላይ ናት።

ሸሪኩ መሪውን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "እኛ ሻይ ስንጠጣ ቀደሙን! ወላሂ፣ ከኛ በላይ መንገድ ያውቃሉ!"

አጎቴ አልሳቀም። ከመኪናው ወርዶ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። ለሊዙ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

"ጾሙ እስኪፈታ ብንጠብቅስ?" አለ በመጨረሻ።

"ፋሲካ ከማርች በኋላ ነው ጋሼ" አልኩት።

አጎቴ ወደኔ ሳያይ፣ "እንግዲህ አንቺ እንደምታውቂ አድርጊ። እኛ አናይም። አትንገሪን" አለኝ።

ይህን ቃል በልጅነቴም አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ማንም ማድረግ የማይፈልገው ነገር ሲኖር ወደማትመልሰው ልጅ ይሄዳል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ስለሚያምኑኝ ነው። ያን ጊዜ ግን "አይሆንም" አልኩ።

"ምን?"

"እናንተ ካላያችሁ አላደርገውም። ከተደረገ እዚሁ ተቀምጣችሁ ነው። ሁለታችሁም።"

ሸሪኩ ሳቁን አቆመ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ጣራውን አየ። ለሱ ዘጠኙ ነጠብጣቦች እንደነበሩ አውቃለሁ።

"ሸሪክ አይደለን" አለ ሸሪኩ ቀስ ብሎ። "በጉን ለሁለት፣ ርግቡን ለብቻዋ አይሆንም።"

ከሥራ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ሁለቱ በየማለዳው መጥተው ከኔ ጎን ባልዲ ላይ ተቀመጡ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ግን አልወጣም። ሸሪኩ የዚያን ሦስት ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ከማውቀው ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። አንድ ርግብ ከተመታች ሌሎቹ ይወጣሉ፤ ተመልሰው እስኪቀመጡ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሦስታችን ተቀምጠን የበጎቹን ማመንዠክ እንሰማለን። ጥይት ለማጉረስ አፈሙዙን አጥፌ ስመልስ ቀጭ ይላል፤ አጎቴ ትከሻው ይሸማቀቃል። ስምንቱ ሳይሰቃዩ ወደቁ።

ዘጠነኛዋን፣ ባለ ነጭ ክንፏን፣ አበላሸኋት። ቃታውን ስስብ ተንቀሳቀሰች። ወድቃ መሬት ላይ ተንፈራገጠች። ሮጬ አነሣኋት፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ልቧ በጓንቱ ውስጥ ይመታል። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ምናልባት "ጋሼ" ነው ያልኩት። አጎቴ ከግድግዳው ዞረ። ተነሥቶ መጣ፣ ከእጄ ወሰዳት፣ በግ በሚያርድበት እጁ በአንድ አፍታ ጨረሰላት። እጁ ያን ጊዜ አልተንቀጠቀጠም።

"ቆንጆ ነበረች" አለ። ከዚያ አካፋውን ይዞ ወጣ።

አከራያችን ማርች ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። ቆጡ ላይ ወጥታ ድርቆሹን በእጇ ገለበጠች፣ አግዳሚዎቹን ቀና ብላ አንድ በአንድ አየች፣ መረቡን ሳበችው። ስትወርድ ጉልበቷን እያሸች "ባሌ ሠላሳ ዓመት ርግብ ማስወጣት አልቻለም" አለች። "ማን ነው ይህን የሠራው?"

እኔ እንደ ልማዴ ጫማዬን አየሁ። አጎቴ እንግሊዝኛው ሲቸግረው አንድ አንድ ቃል እየለቀመ ነው የሚናገረው።

"እኛ" አለ። "ሦስታችን።"

አየችን፣ ተራ በተራ። የአጎቴን ዓይንና እጅ፣ ሸሪኩን፣ ከዚያ እኔን። ሌላ አልጠየቀችም። ወረቀቱን የፒክአፑ ኮፈን ላይ ዘርግታ ፈረመች። ለሁለት ዓመት ነው።

አጎቴ በዚያው ሳምንት ለነፍስ አባቱ ነገራቸው። ዓርብ ማታ ኮል አደረገልኝ።

"አርባ ስግደት አሉኝ" አለኝ። "ወገቤን አሳየኋቸው። አብራህ የነበረችው ልጅ ትካፈልህ አሉ። ሃያው ያንቺ ነው።"

ከስልኩ ጀርባ የሸሪኩ ድምፅ መጣ፤ በግ ቤት ናቸው። "የኔን አትቁጠሩ! እኔ በቀን አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ፣ ከዚያ ላይ ቀንሱልኝ!"

ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ እስከ ሰኞ ጠበቅኩ። ከሥራ በፊት፣ መኝታ ቤቴ ምንጣፍ ላይ፣ ሃያውን ሰገድኩ። ከአሥራ ሦስተኛው በኋላ ጉልበቴን አመመኝ፤ ትንሽ አርፌ ቀጠልኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ላብራቶሪ ሄድኩ።